ዳቦውን ከፍቶ የሚያየው ሰው

ለውድ እትዬ የምሥራች፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንዴት ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው? እማዬ በየማለዳው የምትጠይቀው ስለ ወገብሽ ነውና መልስ ስትጽፊ መጀመሪያ እሱን ጻፊልን። እንቅልፍ ይወስድሻል? ያቺ ጠባይዋ የከበደ እመቤትሽ ማቀዝቀዣውን አሁንም ትቆልፋለች? የኩዌት ሙቀት ጀመረ ወይስ ገና ነው? ጾሙን ለመጾም ተመቸሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ብፅዓት ደህና ናት፤ ልጆቻችንም አድገዋል። እኔም ደህና ነኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ጽፌ ትንሽ ቆየሁ። ልሰርዛት ነበር፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኳት።

በስልክ ያልነገርኩሽ ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ብቻ አይደለም። ድምፅ ይቀዳል፤ ይላካል፤ ማን ጆሮ እንደሚገባ አይታወቅም። በዚህ ጾም አንድ ቃል ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የምጽፍልሽም ስለዚያው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲና ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ልኬዋለሁ።

በጥምቀት ሰሞን ደውለሽ ያዘዝሽኝን ታስታውሻለሽ። መስከረም ላይ ጠቅልለሽ እንደምትመጪ፣ ነቀምቴ መናኸሪያው አካባቢ ሳንዱች ቤት መክፈት እንደምትፈልጊ ነገርሽኝ። ስምንት ዓመት ለሰው ቤት ልጆች ሳንዱች እየሠራሽ የተማርሽውን አሁን ለራስሽ ልትሠሪው ነው። ግን የአገሩ ሰው ምን እንደሚጥመው ረስቻለሁ አልሽ። ከተማው ውስጥ ምርጡን ሳንዱች የሚሠራውን ሰው ፈልግልኝ፤ ብቻዬን አልጀምርም፤ ከእሱ ጋር ነው የምሠራው አልሽ። ለምን እኔ ብዬ ስጠይቅሽ «አንተ የእናትህን ወጥ እንኳ ሳትጠረጥር አትጎርስም» ብለሽ ሳቅሽ። እማዬም አጠገቤ ነበረችና ሰምታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሌሊት ልጅ ሆኜ ወጡ ላይ ምን አይቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

አንቺ ከኩዌት ስታስቢያት ነቀምቴ ትንሽ ትሆንብሽ ይሆናል። ከኑኑ ቁምባ ለመጣነው ግን እስካሁን ትልቅ ከተማ ናት፤ በየመንገዱ አንድ የማላውቀው የሚበላበት ቤት አለ። ከሥራ ስወጣ እየዞርኩ መብላት ጀመርኩ። እንደምታውቂው መዝገብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር የፋይሉ ሽፋን ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ሳንዱቹ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ በሁለት ጣቴ ከፍቼ አያለሁ። እንቁላሉ ስንት ነው? ቲማቲሙ የዛሬ ነው? ከዚያ እዘጋዋለሁ። ከዚያ እበላለሁ። ይህን ማድረጌ ለሰው እንዴት እንደሚታይ አላሰብኩም ነበር።

አንድ ሆቴል ግድግዳው ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሳንዱች ተሥሏል። የመጣልኝ በስንጥር የተወጋ አንድ ፎቅ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ሰላጣ ሳህኑ ላይ የለም። መናኸሪያው በር ላይ ያለው የእንቁላል ሳንዱች ጣዕሙ ደህና ነበር፤ ዳቦው ግን የትናንት ነው፤ በዘይት አርሰው አለስልሰውታል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተማሪ የሚሰለፍበት ቤት አቮካዶው ግሩም ነው፤ ማዮኔዙ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ አየሁት። ጉቴ ድረስም ሄጃለሁ፤ አንዲት ሴት በትኩስ ዳቦ ትሠራለች ብለውኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ትኩስ ነው። ከትኩስነቱ ሌላ ግን የሚወራለት ነገር የለውም።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። ባለ ሥዕሉ ሆቴል ሁለተኛ ቀን ስሄድ አስተናጋጁ ዋጋሪ ዳቦውን ስከፍት አየኝና ወደ ውስጥ ሮጠ። ባለቤቱ እጁን እየጠረገ መጣ። «ኦቦ፣ ከገቢዎች ነህ ወይስ ከጤና?» አለኝ። ከሁለቱም አይደለሁም አልኩት። «ኤዬ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ሄደ። ወዲያው ሌላ ሳንዱች መጣ፤ ሥጋው በአራቱም ማዕዘን የሚወድቅ። ዋጋሪ ከጀርባዬ ቆሞ «ይሄኛውንም ክፈተው እንጂ፣ አትፈር» ይለኛል። ያን ቀን ደነገጥኩ። ለእኔ የሚቀርበው ለሰው የሚቀርበው አይደለም ማለት ነው። እስካሁን ስንቱ ቤት አውቆኝ ነበር? የጻፍኩት ማስታወሻ ሁሉ ስለ ሳንዱቹ ነው ወይስ እኔን ስለፈሩ ሰዎች? ከዚያ በኋላ አብሮኝ የሚሠራውን አበጋዝን እየላክሁ ማስገዛት ጀመርኩ። አበጋዝ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው። አንድ ቀን ግን ጥጉ ላይ የተገመጠ መሰለኝ። አልጠየቅሁትም።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። ፍለጋው የሚቆም መስሎኝ ነበር። አበጋዝ ግን በሁለተኛው ሳምንት የጾም ሳንዱች ይዞልኝ መጣና ስለ ገዛበት ቤት ነገረኝ። ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ድርቤ የምትባል ሴት አለች፤ ከመኖሪያ ቤቷ መስኮት ነው የምትሸጠው። ራሷ የወንጌል አማኝ ናት፤ አትጾምም። በጾም ግን ከቅዳሴ የሚወጣውና የቢሮው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጇ ይሰለፋል። ዳቦውን ከፈትኩ። ድንች፣ ካሮት፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ቀጭን ሽንኩርት። ሌላ ምንም የለም። ዘጋሁት። ጎረስኩ።

እትዬ፣ እንዴት ልንገርሽ። የዳቦው ውጪ ይሰበራል፤ ውስጡ እንደ ጥጥ ነው። ድንቹ የራሱ ጨው አለው፤ ቃሪያው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከሁሉም በታች ግን አንድ ሽታ ነበረ። ያ ሽታ ኑኑ ቁምባ ቤታችን በፋሲካ ሌሊት፣ እማዬ ድስቱን ስትከድን ስትከፍት የነበረው ነው። ዐይኔ ሊያነባ ነበር። የምፈልገው ይህ ነው አልኩ፤ እትዬ የላከችኝ ለዚህ ነው። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳነሳ ግን እጄ ቆመ። አፍንጫዬ ፋሲካ ነው ይላል፤ የቀን መቁጠሪያው ሁለተኛው የጾም ሳምንት ነው። ይህ ቅቤ ነው። ከቅቤ ሌላ እንዲህ የሚሸት ምን አለ?

ያን ቀን የቀረውን በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ለማረጋገጥ ራሴ ሄጄ ገዛሁ። በሦስተኛውም ቀን ለማረጋገጥ ገዛሁ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ነው ለማረጋገጥ የበላሁት። ድርቤን በመስኮቱ በኩል አየኋት። ደርባባ ሴት ናት፣ ሻሽዋን ወደኋላ ያሰረች፤ ከሰዉ ጋር በሁለት ቋንቋ ትቀልዳለች፣ በሁለት ቋንቋ ትቆጣለች። ስትስቅ አየሁና ምን ያስቃታል አልኩ በልቤ። በእኛ ጾም ትስቃለች? እንዲህ ነው ያሰብኩት። ጥሩ አሳቢ መስዬ አልጽፍልሽም።

አራተኛው ቀን ለአበጋዝ ነገርኩት። ነገርኩት ማለት ይከብደኛል፤ ያልኩት «ያ ሳንዱች ቅቤ ቅቤ አልሸተተህም?» ብቻ ነው። ፊቱ ተለወጠ። «ምን ማለትህ ነው? እኔ ስድስት ቀን በልቻለሁ እኮ!» አለኝ። ገና እየጠረጠርኩ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር አልኩት። አልናገርም አለ። ፈርቶ ነበርና ተናገረ። እኔም ፈርቼ ነበርና ነው የነገርኩት። በአምስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መታሰቢያ ሻይ እያቀረበችልኝ «ሰማህ ጋሼ፣ ባኬ ጃማ ያለችው ሴትዮ ለጾመኛ ቅቤ ስታበላ ተያዘች» አለችኝ። ማን ያዛት አልኳት። «ከቅቤው ማሰሮ ስታወጣ በዐይኑ ያየ ሰው አለ» አለች። ማን ነው ያየው? «አንተ ነህ አሉ እንጂ።»

እትዬ፣ ሻዩን አልጠጣሁም። ማሰሮ አላየሁም። ማዕድ ቤቷን አላየሁም። አልኩ እንጂ አላየሁም። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባኬ ጃማ በኩል አለፍኩ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ። መስኮቱ ተከፍቷል። ዳቦው ተደርድሯል። ሰው የለም። ድርቤ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ መንገዱን ታያለች። በማግስቱም እንደዚያው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሳላውቅ ቅቤ በልቼ ይሆናል ብዬ ተናዘዝኩ። አየህ ወይ አሉኝ። አላየሁም አልኩ። ነገሩን ከሥር ጀምሮ አወጣጡኝ። አበጋዝን፣ መታሰቢያን፣ ባዶውን መስኮት። «በልተህ እንደሆነ ሳታውቅ ነው፤ የተናገርከው ግን አፍህ እያወቀ ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልትናዘዝ መጣህ?» አሉኝ። ሄደህ ሴትዮዋን ጠይቅ ብለው አሰናበቱኝ። አልሄድኩም። ሁለት ቀን አመመኝ አልኩ፤ ለብፅዓትም ለቢሮም።

እሷ ናት ያስጠራችኝ። ባሏ ጋሩማ ቢሮ ድረስ መጣ፤ የምጠብቀው ጠብ ነበር። አንድ ክንዱን በሌላው ይዞ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው፣ እጄን ጨበጠ። «አካም ጅርታ ኦቦ ታዲዮስ፣ ቤተሰብ ነጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ነጋ፣ ደህና ነን አልኩ። «ድርቤ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትፈልግሃለች። ዐይንህን ይዘህ ና ብላለች» አለና ሳይስቅ ወጣ። ያን ቀን የፈረምኩት ወረቀት ሁሉ ፊርማው የእኔ አይመስልም።

ሄድኩ። «ኮቱ፣ ግባ» አለችኝ። እጄን አስታጠበችኝ። ከምድጃው ፊት ለፊት በርጩማ አስቀመጠችኝና «አሁን እይ፤ ሲደክምህም እይ» አለች። አየሁ። ከታሸገ ዕቃ የኑግ ዘይት ብረት ድስት ውስጥ ቀዳች። እሳቱን አበረደች። የተከካ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ደረቅ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ እርድ ጨመረች። እማዬ ቅቤ ስታነጥር የምታደርገውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በዘይቱ ላይ አደረገችው። ያ ሽታ ተነሣ። ክፍሉን ሞላው። ድስቱ ውስጥ ግን ዘይት ብቻ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የቀመስኩትን ቅመም የቅቤ ነው ብዬ ነበር ለካ። ቅቤ ራሱ እንደዚያ አይሸትም፤ የሚነጠርበት ቅመም ነው የሚሸተው።

«ለእናንተ ነው የጀመርኩት» አለችኝ። የዛሬ አምስት ዓመት አንዲት የሁዳዴ ደንበኛዋ ሳንዱችሽ ደረቀብን ብላ ስትማረር ሞክራው ነው። ለጾም የለየችውን ቢላዋና መጥበሻ አሳየችኝ፤ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አስራለች። ለማይጾሙት የሚሆነው የጠዋቱ እንቁላል የሚጠበሰው በሌላው ክፍል ነው። «እኔ አልጾምም፤ ጾመኛ ግን አውቃለሁ። ደግሞስ ቅቤ ዛሬ ስንት እንደገባ ገበያ ወጥተህ ታውቃለህ? ቅቤ ብጨምርበት ኖሮ ዝም እል መሰለህ? ሰሌዳ ጽፌ በእጥፍ ነበር የምሸጥልህ!» ጋሩማ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ከመሐላ ሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ ይኸኛው ነው።

አሳመነኝ አልኩ። ለአንቺ ግን አልዋሽም። ቤት ገብቼ ጋደም እንዳልኩ፣ ቀጥራኝ ስለነበር አስተካክላ ጠብቃኝ ቢሆንስ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሳልነግራት በማለዳ ሄድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝና ምንም አልተገረመችም። «ትናንት ነበር የጠበቅሁህ» አለች፤ ገብቼ አየሁ፤ ያው ድስት፣ ያው ዘይት፣ ያው ቀይ ክር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «ላኪ፣ ተው። ይቅርታህ ዳቦ አይሸጥልኝም።»

ለአበጋዝ ነገርኩት፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲናገርልኝ ለመንኩት። ተናገረ። በማግስቱ የተመለሰልኝ ወሬ «ታዲዮስን በነፃ እያበላችው ነው አሉ» የሚል ነው። ክፉው ቃል ሲሄድ ማንም ማስረጃ አልጠየቀውም ነበር፤ ደጉ ቃል ግን በየበሩ ይጠየቃል። ይህንን ለድርቤ ስነግራት «አንተ ሰው፣ አትናገር። ብላ» አለችኝ። ቤት ውስጥ አይደለም፤ ውጪ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰው በሚያልፍበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። «እንደ ልማድህ ነው የምትበላው፤ ደብቀህ አይደለም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ዳቦውን እየከፈተ የሚያይ ሰውዬ መባሌን ከተማው ሁሉ ያውቃል ለካ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው።

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እየቆምኩ ነው። ከፍዬ እገዛለሁ። በሁለት ጣቴ እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እበላለሁ። ሰኞ ዕለት ማንም አልቆመም፤ አንዱ ባለ ባጃጅ ብቻ «አባቴ፣ ዛሬስ ምን አገኘህበት?» ብሎ ጮኾብኝ አለፈ። ማክሰኞ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከማዶ ቆመው እስክጨርስ አዩኝ። ረቡዕ መጥተው ገዙ፤ አንደኛዋ የራሷንም ከፍታ አየች። ዓርብ ዕለት ስቆጥር ሰባት ሰው ነበር። ከፊተኛው ሰልፍ ሩቡ አይሆንም። እኔም ስበላ አሁንም አንድ ጊዜ ሳላሸት አልጎርስም። እዚያ የምቆመው መስካሪ ሆኜ ነው ወይስ ተቆጣጣሪ፣ ራሴን ስጠይቅ መልሱ በየቀኑ ይለያያል። ሆዴ ግን ያውቃል፤ ይህን የመሰለ ሳንዱች በነቀምቴ የለም።

ስለዚህ ያዘዝሽኝ ተፈጽሟል፤ የምትፈልጊው ሰው እሷ ናት። ትናንት ከበላሁ በኋላ ስለ አንቺ ነገርኳት፤ የላክሽኝ አንቺ መሆንሽን፣ መስከረም ላይ ልትከፍቺ ስላሰብሽው ቤት፣ ከእሷ ጋር መሥራት እንደምትፈልጊ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ብዙ አየችኝ። «እህትህ እንዳንተ ናት?» አለችኝ። አይደለችም አልኳት ፈጥኜ። «ይህን የሚለኝ አንተ ነህ?» አለችና ሳቀች፤ ከእኔ ጋር ስትስቅ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ከዚያ ሳቁ ቀረና ከሚጠረጥረኝ ሰው ጋር አንድ ማዕድ ቤት አልገባም፤ ባዶ መስኮት አንዴ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልችልም አለች። እህትህ ራሷ ትንገረኝ እንጂ ባንተ አፍ አልሰማም ብላ መስኮቱን ዘጋች።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች፤ ወገብሽን በሙቅ ውኃ አድርጊው ትላለች። ብፅዓት እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ያስቀዳሽላትን መዝሙር አልረሳችም። ትልቁ ልጅ ሦስተኛ መውጣቱን ንገራት ብሎኛል፤ ትንሿ ስምሽን መጻፍ ችላለች፣ ከታች በኩል የምታዪው ጠማማ ፊደል የእሷ ነው። አበጋዝ ሰላም ብሎሻል፤ ፊቴን ሲያይ አሁንም ትንሽ ያፍራል። እዚያ አብረውሽ ላሉት እህቶች ሁሉ፣ በተለይ ስትታመሚ ላስታመመችሽ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከድርቤ የያዝኩት ሰላምታ የለም። የማላውቃትን ሰው ሰላም አልልም ብላለች።

እትዬ፣ ጻፊላት። ምን እንደምትጽፊ አልነግርሽም፤ እንዳንቺ አድርገሽ ጻፊው። ለብቻው ፖስታ ውስጥ አድርገሽ፣ አሽገሽ፣ ስሟን ላዩ ላይ ጽፈሽ ወደ እኔ ላኪው። ከመንገድ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ባኬ ጃማ ስወስደው አሥር ጊዜ ወደ ብርሃን አንሥቼ ላየው እንደምፈልግ ከአሁኑ አውቃለሁ። እንደታሸገ አደርስላታለሁ።

ወንድምሽ ታዲዮስ

ነቀምቴ፣ እሑድ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.